አስቴር ጋኖ፦ ከሊሙ የተወሰደችው ልጅና ያልጣለቻቸው ዜማዎች



ዛሬ የአንዲት እህት የሕይወት ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ስሟን በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ውስጥ ሰምታችሁት ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከሌላ ሰው ስም ቀጥሎ፣ በአንድ መስመር ብቻ ሲነገር ነው የምትሰሙት። ይህች እህት አስቴር ጋኖ ትባላለች። በልጅነቷ ለባርነት ተዳርጋ ከአገሯ የወጣች፣ ቀይ ባሕር ላይ ነጻ የወጣች፣ በኋላም በኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራ ላይ ትልቅ ድርሻ የነበራት ሴት ናት። (በዚህ ጽሑፍ የምታነቧቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኳን ለመጻፍ ያነሳሳን ግን አንድ ጥያቄ ነው። የተሰበረ ልብ ዜማ ለአንድ አማኝ ምን ይጠቅመዋል? ከመካከላችን ጌታን በተቀበልንበት ሰሞን የነበሩንን ካሴቶች ሁሉ አውጥተን የጣልን ጥቂቶች አይደለንም። ትዝታ፣ ናፍቆት፣ የተለየ ወዳጅ፣ ያልተመለሰ ፍቅር፣ እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ጠቅልለን የዓለም ነው ብለን ከበር ውጭ አስቀምጠናቸዋል። ከጣልናቸው ነገሮች መካከል በእርግጥ ሊጣል የሚገባው ነበረ። ነገር ግን ከዘፈኑ ጋር ኀዘናችንንም፣ ናፍቆታችንንም፣ የእናቶቻችንንም ቋንቋ አብረን ጥለን ይሆን? የአስቴር ሕይወት በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነግረን ነገር አለ። እስቲ በትዕግሥት ተከተሉን።

ሊሙ እናርያ

ዛሬ ከጅማ ተነስታችሁ ወደ ሊሙ ገነት ብትጓዙ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያደገ ቡና ታያላችሁ። የሊሙ ቡና በዓለም ገበያ በራሱ ስም የሚታወቅ ነው። አጋሮም፣ ጌራም፣ ሊሙ ኮሳም፣ ሊሙ ሰቃም የቡና አገር ናቸው። በመኸር ወራት ቀዩን ፍሬ የሚለቅሙት እጆች ሥራቸውን በዜማ ያቀሉታል። ሲያዩት ሰላም የሰፈነበት፣ የለመለመ፣ እግዚአብሔር የባረከው ምድር ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ይህ ምድር ሌላም ስም ነበረው። በጊቤ ወንዝ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። ሊሙ እናርያ በተለይ ከ1825 እስከ 1861 በገዛው በአባ ቦጊቦ ዘመን እጅግ ገንኖ ነበር። መናገሻው ሰቃ የታወቀ የንግድ ከተማ ነበረ። ነጋዴዎች ከሩቅ እየመጡ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይገዙ ነበር። ከነዚህም ጋር ሰው ይገዙ ነበር። በጅማም የሂርማታ ገበያ በዚሁ ንግድ ይታወቅ ነበር።

ለባርነት የሚዳረገው በጦርነት የተማረከ ብቻ አልነበረም። ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረደበት ሰው ቤተሰቡ ሊሸጥ ይችል ነበር። ግብር መክፈል ያቃተው ሰው ልጆቹን ሊያጣ ይችል ነበር። ከጊቤ ማዶ ከነዚህ መንግሥታት የሚነሳው የባሪያ ነጋዴ ሰልፍ በጉድሩ አድርጎ ዓባይን ይሻገርና በጎጃም ወደ ባሶ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ያመራ ነበር። ሌላው መንገድ በሸዋ አልፎ ወደ ታጁራ ባሕር ይወርድ ነበር። ከባሕሩ ማዶ የሚጠብቀው የዓረብ አገር ገበያ ነው።

አስቴር ጋኖ በዚህ ምድር በ1872 አካባቢ ተወለደች። ስትወለድ ነጻ ነበረች። በኋላ ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። ውድ አንባቢዎች፤ ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር በችኮላ እንዳታልፉት። አንዲት ልጅ እናት አላት፣ የምትጫወትበት ደጅ አላት፣ የምትጠራበት ስም አላት፣ ማታ ማታ እሳት ዳር የምትሰማው ተረትና እንቆቅልሽ አላት። በአንድ ቀን ይህ ሁሉ ይወሰዳል። ከእርሷ ጋር የሚቀረው በራሷ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ነጋዴው እጇን ሊያስር ይችላል፤ የሰማችውን ዜማ ግን ከውስጧ ሊያወጣው አይችልም።

ስለ ጠፋ ፍቅር ስንናገር ሁላችንም ቶሎ የምናስበው የወንድና የሴትን ፍቅር ነው። የመጀመሪያው የፍቅር ስብራት ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይቀድማል። በኦሮሞ ባህል ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የምታሰማው የልቅሶ ዜማ አለ። ወደ ደስታ ቤት እየሄደች እንኳ የምትተወውን ቤት ታለቅስለታለች። እንግዲህ ያለ ሠርግ፣ ያለ ምርቃት፣ ያለ መልስ ከቤቷ የተወሰደች ልጅ ምን ትበል?

በቀይ ባሕር ላይ

በ1886 አስቴርን የጫነች ጀልባ ወደ ዓረብ አገር እየቀዘፈች ነበር። እዚያ ልትሸጥ ነበር። ጣሊያን ምጽዋን የያዘው ከአንድ ዓመት በፊት በ1885 ነበረና የጣሊያን መርከቦች በባሕሩ ላይ ይዘዋወሩ ነበር። ጀልባዋን አገኟት፤ አስቆሟትም። በውስጧ የነበሩትን ባሪያዎች ነጻ አውጥተው ወደ ኤርትራ ምድር መለሷቸው። አስቴር በዚያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች።

በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በምትባል ስፍራ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ነበረ። የስዊድን ሚስዮናውያን በ1866 ወደ ምጽዋ ሲመጡ ዓላማቸው ወንጌልን ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ማድረስ ነበር። መንገዱ ግን ተዘጋባቸው። ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ተደጋግሞ ተሞከረ፤ በሽታ፣ ጦርነትና የነገሥታት እገዳ መለሳቸው። ሚስዮናውያኑ ወደ ኦሮሞ ምድር መድረስ ባልቻሉበት በዚያ ዘመን የኦሮሞ ልጆች በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወደ እነርሱ መጡ። ይህን ስንል ባርነትን መልካም አደረግነው ማለታችን አይደለም። የዮሴፍ ወንድሞች የሠሩት ክፉ ነበር፤ ክፉም ሆኖ ቀርቷል። እግዚአብሔር ግን በክፉው መካከል የራሱን ሥራ ይሠራል። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ተማርካ የንዕማን ሚስት አገልጋይ የሆነችውን ትንሽ ልጅ አስታውሱ። ስሟ እንኳ አልተጻፈም፤ በአፏ የነበረው ቃል ግን ለአንድ ታላቅ ሰው የፈውስ መንገድ ሆነ።

ኦኔሲሞስ የጎደለው ነገር

በእምኩሉ አስቴርን ያስተዋላት ሰው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነበር። የእርሱም ታሪክ ከእርሷ የራቀ አልነበረም። በኢሉባቦር በሁሩሙ በ1856 አካባቢ ተወለደ፤ በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጥቶ ለሚስዮኑ ተሰጠ። መጋቢት 31 ቀን 1872 ተጠመቀ፤ ይህም አስቴር በተወለደችበት ጊዜ አካባቢ ማለት ነው። የተጠራበት ስም በፊልሞና መልእክት ውስጥ የምናገኘው የዚያ ባሪያ ስም ነው። ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን ተምሮ ሲመለስ ወደ ወገኖቹ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ አንዴ በሱዳን በኩል፣ አንዴ ደግሞ በሸዋ በኩል። ሁለቱም ጊዜ ሳይሳካለት ተመለሰ። በአካል መሄድ ካልቻልኩ ቃሉን በቋንቋቸው አዘጋጃለሁ ብሎ ተነሣ። በ1887 መቶ መዝሙሮችን የያዘ የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፍ አሳተመ፤ ከመዝሙሮቹ አብዛኞቹ ከስዊድንኛ የተተረጎሙ ነበሩ።

በዚህ ሥራ መካከል እርሱም የልብ ስብራትን ቀመሰ። ባለቤቱ ምሕረት ኃይሉ በ1888 አረፈች። በኋላ እንደ አስቴር ከባርነት ነጻ ከወጡት ወገን የሆነችውን ልድያ ዲምቦን አገባ። እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱሱን ወደ ኦሮምኛ የመለሰው ሰው ቤቱን፣ አገሩንና የወጣትነቱን ሚስት ያጣ ሰው ነበር።

አንድ ትልቅ ችግር ግን ነበረበት። ኦኔሲሞስ ከአገሩ የወጣው ገና ሕፃን ሳለ ነው። ቋንቋው ኦሮምኛ ቢሆንም የልጅ ኦሮምኛ ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች በጉባኤ፣ በልቅሶ፣ በሠርግና በእርሻ ላይ የሚናገሩትን የጠለቀ ቋንቋ ለመጥገብ ጊዜ አላገኘም። ከእርሱ ይልቅ ቋንቋውን በአፋቸው ትኩስ አድርገው የያዙት በቅርቡ ከአገራቸው የመጡት ልጆች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል አስቴር ልዩ የቋንቋ ስጦታ እንዳላት ኦኔሲሞስ ተገነዘበ። ስለዚህ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማዘጋጀቱ ሥራ ለእርሷ ተሰጠ።

ይህንን አስተውሉ። በገበያ ዋጋ ተቆርጦላት የነበረች ልጅ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአንድን ትልቅ ሕዝብ ቃላት እየሰበሰበች፣ እያመዛዘነችና እየመዘገበች ተቀመጠች። በ1893 የታተመው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን ቋንቋው የተስተካከለው እርሷ ባዘጋጀችው የቃላት መዝገብ እየተረዱ ነበር።

አምስት መቶ

አስቴር በመዝገበ ቃላቱ ብቻ አላቆመችም። ከኦሮሞ ሕዝብ አፍ የሚነገሩትን ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ እንቆቅልሾችና ዜማዎች መጻፍ ጀመረች። የጻፈችው በቁጥር 500 ያህል ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ከኦኔሲሞስ ጋር ባዘጋጁት የንባብ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ታተሙ። መጽሐፉ በኦሮምኛ ጀልቀበ በርሲሳ ይባላል፤ የትምህርት መጀመሪያ እንደ ማለት ነው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነበር። ሳይታተም የቀረ ጽሑፍም ነበራት።

እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ አስቡት። በሚስዮን ጣቢያ ውስጥ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም እየተሠራ ባለበት ጠረጴዛ ላይ፣ የሕዝቡ ተረትና ዜማ አብሮ ይጻፍ ነበር። ማንበብ የሚማረው ልጅ ከመዝሙርና ከትምህርተ ክርስቶስ ጋር የአያቱንም ዜማ በፊደል ያገኘው ነበር። አስቴር አዲስ ፍጥረት ሆኛለሁና የእናቴን ዜማ እረሳለሁ አላለችም። ያንን ዜማ እንደ አምላክ አላመለከችውም፤ በእርሱም ውስጥ ተዘግታ አልቀረችም። ጻፈችው፤ ለሌሎችም ማንበቢያ አደረገችው።

የተሰበረ ልብ በዜማ ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። አንደኛው በዚያው ዜማ ውስጥ መኖር ነው፤ ቁስሉን እየነካኩ፣ እንዲድንም ሳይፈልጉ፣ ትዝታን ቤት አድርጎ መቀመጥ። ይህ አደገኛ መሆኑን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው ዜማውን ይዞ መጓዝ ነው፤ ያጣሁት ነገር እውነተኛ ነበር፣ ዋጋ ነበረው፣ እግዚአብሔርም ያውቀዋል ብሎ ወደ አገልግሎት መውሰድ። አስቴር የተጓዘችው በሁለተኛው መንገድ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ የልቅሶ ዜማ ጠላት አይደለም

አንዳንዶቻችሁ ይህ ነገር ከቃሉ ጋር እንዴት ይስማማል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በሚገባ ይስማማል። ዳዊት ሳኦልና ዮናታን በሞቱ ጊዜ ያለቀሰበትን ዜማ በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ታገኙታላችሁ። በዚያ ዜማ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። የምስጋና መዝሙር አይደለም፤ ጓደኛውን ያጣ ሰው እንጉርጉሮ ነው። ሆኖም ዳዊት የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዘዘ፤ በመጽሐፍም ተጻፈ። በ2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 35 ኤርምያስ ለኢዮስያስ የልቅሶ ግጥም እንዳወጣ፣ ወንዶችና ሴቶች ዘማሪዎችም ያንኑ ሲሉ እንደ ኖሩ እናነባለን። ሰቆቃወ ኤርምያስ ሙሉ መጽሐፍ ነው። መኃልየ መኃልይ ውስጥ ደግሞ ውዷን አጥታ በሌሊት በከተማው አደባባይ የምትፈልገውን ሴት እናገኛለን፤ ጠባቂዎች እንደ መቷት እንኳ ተጽፏል።

አሁን ወደ አስቴር እንመለስ። እነዚህ መጻሕፍት ሁሉ ወደ ኦሮምኛ ሊተረጎሙ ይገባ ነበር። መኃልየ መኃልይን ለመተርጎም የናፍቆት ቃል ያስፈልጋል። ሰቆቃወ ኤርምያስን ለመተርጎም የአልቃሽ ቃል ያስፈልጋል። እነዚህ ቃላት ከስዊድን አይመጡም፤ ከመዝገብም አይገኙም፤ መዝገቡ ራሱ ገና እየተጻፈ ነበርና። የሚገኙት ሕዝቡ በሠርግ፣ በለቅሶና በእሳት ዳር ከሚለው ነው። በኦሮምኛ ፍቅር ጃለለ ይባላል። ያው አንድ ቃል ሰው ለሰው ያለውን ፍቅርም፣ እግዚአብሔር ለእኛ ያለውን ፍቅርም ይገልጻል። የእግዚአብሔርን ፍቅር በጃለለ የሚሰማ ሰው ቃሉን አስቀድሞ የሰማው ከእናቱ፣ ከወዳጁና ከአገሩ ዜማ ነው።

ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ መጫፈ ቁልቁሉ፣ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪስኮና ታተመ። ቅዱስ ክሪስኮና ከሪሄን ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የሚገኝ ስፍራ ነው። በዚያችው ሪሄን ፓውሊነ ፋጥመ የተባለች፣ እርሷም በልጅነቷ ተሸጣ አውሮፓ የደረሰች የኦሮሞ ልጅ በክርስቶስ አምና ከ44 ዓመት በፊት፣ በ1855 አርፋ ነበር። አንዲት የኦሮሞ ልጅ ከወገኖቿ ርቃ ባረፈችበት አገር፣ የወገኖቿ ቋንቋ የእግዚአብሔር ቃል ሆኖ ከማተሚያ ቤት ወጣ። የጌታ አሠራር ይደንቃል!

ስሟ የተዘለለበት ሽፋን

የ1899ኙ መጽሐፍ ቅዱስ የሚታወቀው በኦኔሲሞስ ስም ነው። ኦኔሲሞስ ይገባዋል፤ ድካሙ ታላቅ ነበር። የአስቴር ድርሻ ግን በሚገባው መጠን ሳይነገር ቀርቷል፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎችም ይህንን አንሥተውታል። ከመዝገበ ቃላቱና ከተረቶቹ ሌላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍም ተርጉማለች። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ወንድ ቢሆን ኖሮ ስንት አዳራሽ በስሙ ይጠራ ነበር? በአብያተ ክርስቲያናችን ውስጥ ዛሬም መዝሙሩን የሚደርሱት፣ ልጆቹን የሚያስተምሩት፣ የታመመውን የሚጠይቁት እህቶች ስንት ናቸው? ስማቸው በሽፋኑ ላይ አለ ወይ? ይህ ጥያቄ ለእኛው ነው።

ያልተጻፈ ዜማ ወዴት ይሄዳል?

የአስቴርን ሥራ ዋጋ ለማወቅ ሳይጻፍ የቀረውን መመልከት ይረዳል። አስቴር ነጻ ከወጣች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ኦስፕሬ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ የባሪያ ጀልባዎችን ያዘች። ከሁለት መቶ በላይ የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ኦሮሞ የሆኑ ሰዎች ነጻ ወጡ። ከእነዚህ ልጆች 64ቱ በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ሎቭዴል ወደሚባል የስኮትላንድ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተላኩ።

ከነዚህ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ነበረች። እዚያው አደገች፣ አገባች፣ ወለደች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ከኔልሰን ማንዴላ ጋር በሮበን ደሴት የታሰረ፣ በኋላም ስመ ጥር የቋንቋ ምሁር የሆነ ሰው ነው፤ በ2012 አርፏል። እርሱ እንደ ተናገረው፣ አያቱ በስተርጅና ለብቻዋ ሆና ማንም በማያውቀው ቋንቋ ትናገር ነበር። ልጆቹ ሲፈሩ እናታቸው አያታችሁ ከእግዚአብሔር ጋር ነው የምትነጋገረው ትላቸው ነበር። ቋንቋው የእናቷ ቋንቋ ነበር። በቤቱ ውስጥ የሚመልስላት ሰው አልነበረም።

ወገኖቼ፤ ይህ ልብን የሚነካ ነገር ነው። እግዚአብሔር እንደ ሰማት አንጠራጠርም። ለልጅ ልጆቿ ግን የአያታቸው ዜማ ተዘጋ። በእምኩሉ የነበረችው አስቴር ያደረገችው ይህ መዘጋት እንዳይሆን ነው። የስደተኛ ልጅ ለብቻዋ የምታንጎራጉረውን ወስዳ ልጆች የሚያነቡት ፊደል አደረገችው።

ወደ ነቀምቴ

በ1904 ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎች ባልንጀሮቻቸው በመጨረሻ ወደ ወለጋ ገቡ። አስቴር ከአገሯ ከወጣች ቢያንስ 18 ዓመት ሆኗታል። ሕፃን ሆና የወጣች፣ የሠላሳ ዓመት ሴት ሆና ተመለሰች። የሊሙ እናርያ መንግሥት ግን በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ በ1891 ወደ ምኒልክ ግዛት ተጠቃልሎ ነበር። ባሪያ ያደረጋት ዙፋን ከእርሷ በፊት አለፈ።

አስቴር በነቀምቴ አስተማሪ ሆነች። ያ ዘመን ቀላል አልነበረም። በቦጂ ሥራውን የጀመረው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ1905 በእሳት ቃጠሎ ሞተ። ኦኔሲሞስ ተከሰሰ፤ እንዳይሰብክም ታገደ። የመስበክ ነጻነት ያገኘው በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። ስብከት በተከለከለበት በዚያ ጊዜ ልጆችን ማንበብ የማስተማሩ ሥራ ምን ያህል ትልቅ እንደ ነበር መገመት ትችላላችሁ። ማንበብ የቻለ ልጅ መጽሐፉን ራሱ ይከፍተዋልና። ኦኔሲሞስ በሰኔ 1931 ወደ ጌታው ሄደ። አስቴር ግን ገና ብዙ ዓመት ቀርቷት ነበር።

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ሰጣት። በኢትዮጵያ ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ በ1942 ሲከለከል በሕይወት ነበረች። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በጥር 1959 ስትመሠረትም በሕይወት ነበረች። በ1964 ዘጠና ዓመት አልፏት አረፈች። የሊሙ ልጅ የእናቷን ቋንቋ በፊደል፣ የእግዚአብሔርንም ቃል በእናቷ ቋንቋ ትታልን ሄደች።

ይህ ለእኛ ምን ይለናል?

ከጅማና ከአካባቢዋ የቡና ከተሞች ዛሬም ብዙ ወጣት ሴቶች ለሥራ ወደ ዓረብ አገራት ይሄዳሉ። እንደ አስቴር ታስረው አይደለም፤ በፓስፖርት፣ ቤተሰባቸውን ለመርዳት ነው። ግን የሚሻገሩት ያንኑ ባሕር ነው። በዚህም የሚቀር እጮኛ አለ፤ የምትጠብቅ እናት አለች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ሌላ ያገባ ወዳጅ አለ። ሰንበት ዕለት ከአጠገባችሁ የምትቀመጠው እህት ልብ በዚህ ተሰብሮ ይሆናል። ወደ እናንተ መጥታ ስታለቅስ ምን ትሏታላችሁ? አማኝ አያለቅስም፣ ደስ ይበልሽ ብላችሁ ታሳልፏታላችሁ? ወይስ ዳዊት እንዳደረገው ኀዘኗ ቃል እንዲያገኝ ጊዜ ትሰጧታላችሁ?

መዝሙር የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች፤ ለእናንተ ደግሞ ልዩ አደራ አለን። የመዝሙረ ዳዊትን መጽሐፍ ግለጡና የልቅሶ መዝሙሮቹን ቁጠሩ። ከዚያም የራሳችሁን መዝሙሮች ቁጠሩ። በትዝታ ቅኝት የሚዘመሩ ዝማሬዎች አሉን፤ ቅኝቱን ወስደን ኀዘኑን ግን ብዙ ጊዜ ፈርተነዋል። ባል የሞተባት፣ እጮኛዋ የተዋት፣ ልጁን የቀበረ ሰው በቤተ ክርስቲያን የሚዘምረው ካጣ፣ የሚያለቅስለትን ድምፅ በሌላ ቤት መፈለጉ አይቀርም። ዜማውን የሚነፍገው ቤት ሰውየውንም ያጣዋል።

አያቶች ያሏችሁ ልጆችም፤ ዛሬ ማታ አጠገባቸው ተቀመጡና በወጣትነታቸው ምን ይዘፈን እንደ ነበር ጠይቋቸው። አማርኛም ቢሆን፣ ኦሮምኛም፣ የምም፣ ከፍኛም ቢሆን ጻፉት። የቀረጻችሁት ስልክ ይጠፋል፤ የተጻፈ ይቆያል። ምናልባት በዚያ ዜማ ውስጥ ያለው አንድ ቃል ነገ ለአንድ ሰው የእግዚአብሔርን ፍቅር የሚያስረዳበት ቃል ይሆናል።

በመዝሙር 137 የተማረኩት እስራኤላውያን በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ሲያለቅሱ፣ መሰንቆአቸውን በዛፍ ላይ ሲሰቅሉ እናያለን። መዘመር አቃታቸው፤ መዘመር ያቃታቸውን ነገር ግን መዝሙር አድርገው ጻፉት፤ እርሱም በቃሉ ውስጥ ገባ። በመዝሙር 56 ደግሞ እግዚአብሔር የሰውን መንከራተት እንደሚቆጥር፣ እንባውንም በመጽሐፉ እንደሚያኖር ዳዊት ይነግረናል። አስቴር ጋኖ በባዕድ አገር ተቀምጣ የወገኖቿን ዜማ ስትጽፍ የሠራችው ሥራ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። እንባን የሚመዘግብ አምላክ አላት፤ እርሷም እንደ አምላኳ መዝጋቢ ሆነች።

ያጣችሁት ፍቅር ካለ፣ ያልተመለሰ ወዳጅ ካለ፣ በሩቅ የቀረ ቤት ካለ፣ ለጌታ ለመናገር አትፈሩ። እርሱ ልባቸው ለተሰበረ ቅርብ ነው።

ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።